ቃጭል የታጠቁት፦ ከሉብልያና እስከ ፕቱይ የአምስት ቀን ማስታወሻ

አርብ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሉብልያና

ማለዳ ከቪየና የተነሳው ባቡር ከስድስት ሰዓት ያህል ጉዞ በኋላ ሉብልያና አወረደኝ። በሻንጣዬ አንደኛው ጎን መርፌ፣ ክርና ከሥራ የተረፈ የጥለት ቁርጥራጭ አለ፤ በሌላው ጎን ካውያ፣ ሽቦና ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች። ቪየና የምኖረው የሀበሻ ቀሚስ እየሰፋሁ ነው። ካውያ መያዝ ያስተማረኝ ግን አባቴ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። ጀርባው የተከፈተ ሬዲዮ ቦርድ በእርጥብ ጣቴ ስነካ የሚወጣው ጩኸት፣ «ተይ፣ ይይዝሻል!» ከሚለው የአባቴ ድምፅ ጋር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የመጣሁት እነዚህን ሁለት ሥራዎች አንድ ላይ የሚሠሩ ሰዎች እዚህ እንዳሉ ስለማውቅ ነው። ስሎቬኒያ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት፣ የስላቭ ቋንቋ ከሚናገሩ የአውሮፓ አገሮች አንዷ የሆነች ትንሽ አገር ናት። ብርዱ ሊያልፍ ሲል ጭምብል አጥልቀው፣ ለምድ ለብሰው፣ ቃጭል ታጥቀው ብርዱን የሚያባርሩ ገበሬዎች አሏት። ዋና ከተማዋ ሉብልያና ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ የድምፅ መሣሪያ በየምድር ቤቱ በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ወጣቶች አሏት።

ሁለቱን ዓለሞች አንድ ግቢ ውስጥ ማግኘት ይቻላል። ሜቴልኮቫ የሚባለው ሰፈር ድሮ የኦስትሮ ሃንጋሪ፣ ኋላም የዩጎዝላቪያ ጦር ካምፕ ነበር። ጦሩ ለቆ ከወጣ በኋላ ሕንጻዎቹ መፍረስ ሲጀምሩ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1993 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) አርቲስቶች ገብተው ያዙት፤ ዛሬም እነሱው ናቸው ያሉበት። በዚያው በቀድሞው ካምፕ ሌላ ክንፍ በ1923 የተመሠረተው የስሎቬኒያ የብሔረሰብ ጥናት ሙዚየም አለ። እነዚያ ግድግዳው በቀለም የተዥጎረጎረ ምድር ቤት ውስጥ ሽቦ ይበይዳሉ፤ እዚህ ደግሞ የአያቶች ጭምብል በመስታወት ውስጥ ቆሟል። በመካከላቸው ያለው ሁለት ደቂቃ የማይሞላ የእግር መንገድ ነው።

ሙዚየሙ ውስጥ ኩሬንት ከሚሉት ጭምብል ለባሽ ፊት ብዙ ቆየሁ። ከራስ እስከ ጉልበት የበግ ለምድ ነው። ፊቱ ቆዳ፣ ዓይኑ ዙሪያው የተቀለመ ቀዳዳ፣ ጥርሱ በክር የተሰካ ባቄላ፣ ምላሱ ደረቱ ድረስ የወረደ ቀይ ቆዳ። ወገቡ ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠሉ ትልልቅ የከብት ቃጭሎች አሉ። እጁ ላይ ያለው ዱላ ጫፉ ጃርት በመሰለ፣ ግን በጣም ትንሽ በሆነ እሾሃማ እንስሳ ቆዳ ተሸፍኗል። መስታወቱ ውስጥ ምንም ድምፅ የለም። ስፌቱን ግን አየሁት፤ ወፍራም ክር፣ ሰፋ ሰፋ ያለ፣ ቶሎ ተፈትቶ ቶሎ የሚጠገን። ይህን የሰፋ ሰው በየዓመቱ እንደሚቀደድ ያውቅ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ስለዚህ ጭምብል የሚጻፈው ሁሉ «ጥንታዊ የአረማውያን ሥርዓት» ብሎ ይጀምራል። የጥንት ስላቮች ግን ስለ እምነታቸው በገዛ እጃቸው የጻፉት ነገር የለም። የሚታወቀውን የጻፉት የውጭ ሰዎችና የክርስቲያን መነኮሳት ናቸው። በ6ኛው መቶ ዘመን የቢዛንታይኑ ፕሮኮፒዮስ መብረቅ የሚፈጥር አንድ አምላክ ያመልካሉ ብሎ ጽፏል። የኪየቩ ዜና መዋዕል ልዑል ቭላድሚር በ980 ጭንቅላቱ ብር፣ ሪዙ ወርቅ የሆነ፣ የመብረቅ አምላክ የሚሉትን የፔሩንን የእንጨት ምስል እንዳቆመ፣ በ988 ሲጠመቅ ደግሞ እንዳስጎተተውና ወንዝ እንዳስጣለው ይተርካል። በ1420 የፖላንዱ የፖዝናን ሲኖዶስ ካህናቱን ሲያስጠነቅቅ፣ ሕዝቡ «ሞት» የሚሉትን ምስል ተሸክሞ ወጥቶ ውሃ ውስጥ እንዳይጥል ይከለክላል። ክልከላ ጥሩ ምስክር ነው፤ የማይደረግን ነገር ማንም አይከለክልም። የዛሬው ኩሬንት በቀጥታ ከዚያ ዘመን እንደመጣ የሚያሳይ ጽሑፍ ግን አይቼ አላውቅም። እኛ ዘንድ «አረማዊ» ከባድ ቃል ነው፤ ሳላጣራ ማንም ላይ መለጠፍ አልፈልግም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22፣ ሉብልያና

ቀኑን ሙሉ ምድር ቤት ውስጥ ዋልኩ። ስድስት ሰዎች፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ የቀለጠ እርሳስ ሽታ። ያንን ሽታ ስስበው አባቴ አጠገቤ የተቀመጠ መሰለኝ።

የሠራነው ቀላል ነገር ነው። 40106 የሚባለው አይሲ፣ ማለትም ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ፣ ውስጡ ስድስት ራሳቸውን የቻሉ ክፍሎች አሉት። ለእያንዳንዱ አንድ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገድብ) እና አንድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም) ስታበጅለት የራሱን ድምፅ ማውጣት ይጀምራል፤ ከአንድ ማኪያቶ ያነሰ ዋጋ ካለው ዕቃ ስድስት ድምፅ ማለት ነው። ሬዚስተሩን አውጥተህ በምትኩ ሁለት ባዶ ሽቦ ብትተውና በጣትህ ብትነካቸው፣ ድምፁን የሚወስነው የቆዳህ እርጥበትና የአያያዝህ ጥብቀት ይሆናል። በልጅነቴ ያስጮህኩት ሬዲዮ ምስጢሩ ይኸው ነበር፤ ሰውነቴ የዕቃው አንድ ክፍል ሆኖ ነበር።

ሌላው ፒየዞ ነው፤ ሙዚቃ ከሚያሰማ የልደት ካርድ ውስጥ የሚገኘው፣ ሳንቲም የሚያህል ቀጭን የነሐስ ክብ። ከአንድ ነገር ጋር ሲጣበቅ የዚያን ነገር ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ኤልኤም386 የሚባለው ትንሽ አይሲ ደግሞ ያጎላዋል። በአየር ላይ የሚሄደውን ድምፅ አይሰማም ማለት ይቻላል። የሚሰማው የነካውን ብቻ ነው።

በእጅ የተሠራ የኤሌክትሮኒክስ ድምፅ በዚህ የዓለም ክፍል እንግዳ አይደለም። ሌቭ ቴርሜን እጅ ሳይነካው በአየር ላይ የሚጫወቱትን፣ ቴሬሚን የሚባለውን መሣሪያ ፔትሮግራድ ውስጥ የሠራው በ1920 ገደማ፣ የጋዝ መለኪያ መሣሪያ ሲሞክር ነው። ሉብልያና ውስጥም ቴሬሚዲ ኦርኬስትራ የተባለው ቡድን የተወለደው ቴሬሚን መሥራት ከሚያስተምር ስልጠና ነው፤ አባላቱ ይጫወቱ የነበረው ራሳቸው የሠሩትን ነው።

ማታ ከጠረጴዛው ሰዎች ሦስቱ ሥራቸውን አሳዩ። አንዷ ከፖላንድ የመጣች ልጅ ናት። በአገሯ ማዣና የምትባል የገለባ ሴት አለች፤ ብርዱ ሲያልፍ ሠርተው፣ አልብሰው፣ አቃጥለው ወንዝ ይጥሏታል። ያ የ1420ው ክልከላ ነገሩን አላጠፋውም። ልጅቷ የሰፋችው ቀሚስ ከገለባና ከአሮጌ ካሴት በተመዘዘ ቴፕ ነው፤ ገለባው በወንፊት ጨርቅ ላይ ጭብጥ ጭብጥ ሆኖ በእጅ ተሰፍቷል፣ ቡናማው ቴፕ በመሃሉ እንደ ጥለት ይሄዳል። ሦስት ወር ፈጅቶባታል። ጠርዙን ገልብጬ አየሁት፤ የውስጥ ስፌቱም እንደ ውጩ ንጹሕ ነው። እንዲህ ያለ እጅ አከብራለሁ።

ትርኢቱ ሲጀመር ግን ከፋኝ። ሁለቱ ልጆች ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው ቁልፍ ያዞራሉ፤ ልጅቷ እንደ ሐውልት ቆማለች። ድምፁ ከአንድ ቦታ ይመጣል፣ ልብሱ ሌላ ቦታ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደዚያ ከሄደ በኋላ የዋናው መሣሪያ ገመድ ተነቀለና ድምፁ ጠፋ። የቀረው በቀሚሱ ውስጥ የተሰፉት ሁለት ፒየዞዎች ብቻ ነበሩ። ልጅቷ አንድ እርምጃ ተራመደች። ደረቁ ገለባ እርስ በርሱ ሲፋተግ፣ ያ ድምፅ ፒቲ2399 በሚባለው የማስተጋቢያ አይሲ ውስጥ አልፎ ሲመለስ፣ ቤቱ በሙሉ እሳት የተያያዘ መሰለ። ቆመች፤ እሳቱ ጠፋ። ክንዷን አነሳች፤ እንደገና ተቀጣጠለ። ማዣና በገለባዋ ውስጥ እየተቃጠለች ነበር፣ እሳት በሌለበት። ከአጠገቤ የነበሩት አሮጊት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ገመዱን ማንም አልመለሰውም።

እሑድ፣ የካቲት 23፣ ፕቱይ

ባቡሩ የሳቫን ወንዝ ተከትሎ ከወረደ በኋላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይታጠፋል፤ ፕራገርስኮ ላይ ቀየርኩ። ዛሬ የአድዋ ቀን ነው። ስልኬ ከአዲስ አበባ በሚመጡ ፎቶዎች ተሞልቷል፤ ጎፈር የደፉ፣ ለምድ የደረቡ፣ ጋሻ ያነገቡ። በእነዚያ ፎቶዎች መካከል ቀና ስል፣ መድረኩ ላይ የበግ ለምድ ለብሶ ጭምብሉን በብብቱ የያዘ ወጣት ባቡር ይጠብቃል።

ፕቱይ በድራቫ ወንዝ ዳር የተኛች፣ ግንብዋ ከላይ ቁልቁል የሚያያት ትንሽ ከተማ ናት። በሮማውያን ዘመን ፖይቶቪዮ ትባል ነበር፤ ቬስፓሲያንን ለማንገሥ የተነሱት የጦር አዛዦች በ69 የመከሩት እዚህ ነው። የዛሬውን ሰልፍ የጀመረው ድራጎ ሃስል የተባለ የከተማው ሰው ነው፣ በ1960። በየመንደሩ ቀድሞ የነበረውን ወደ ከተማ አደባባይ ያመጣ እሱ ነው። የኩሬንቶቹን የቤት ለቤት ዙረት ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2017 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። እኔ ከአደባባዩ ሰልፍ ይልቅ መዝገቡ ውስጥ የገባው የቤት ለቤቱ መሆኑ ደስ ይለኛል፤ ሥሩ እዚያ ነውና።

ሳያቸው በፊት ሰማኋቸው። ከመንገዱ ማዶ፣ ከቤቶቹ ጀርባ፣ ገና ምንም ሳይታይ ደረቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ታዩ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ። አይራመዱም፤ ከእግር ወደ እግር እየዘለሉ ወገባቸውን ይወዘውዛሉ፣ ቃጭሉ ከግራ ወደ ቀኝ ይወረወራል። አንድ ልብስ ከነቃጭሉ ከ30 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። በአንዳንዶቹ ራስ ላይ ቀንድ አለ፣ በሌሎቹ ላባና የወረቀት ሪባን፤ ይህ የሚለየው በየመንደሩ ነው። በመሃላቸው መረብ የተከናነበ ሰይጣን መንሹን ይዞ ይሮጣል። ማረሻ እየጎተቱ ለየቤቱ መልካም ምርት የሚመኙ አራሾችም አሉ።

ከዚያ የጅራፍ ድምፅ ሰማሁ፤ ልክ እንደ ቡሄ ጅራፍ። ረጅም ጅራፍ የያዙ ሰዎች መንገዱ መሃል ቆመው ያጮኹታል፣ ብርዱ እንዲሸሽ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ቤት ለቤት መዞሩ፣ ጅራፉ፣ ለባለቤቱ ምርቃቱ፣ በምላሹ የሚሰጠው ምግብ፤ ሆያ ሆዬ ስንል ሙልሙል የሚሰጡን እናቶች ፊት ተመልሼ የቆምኩ መሰለኝ። ሁለቱ በዓላት ዝምድና የላቸውም፤ የእኛው ከደብረ ታቦር፣ የእነሱ ከብርዱ መውጣት ጋር ነው። ግን ልጅ የሆነ ሰው ሁሉ በር አንኳኩቶ ጮኾ ማለፍ ይወዳል።

በየጥግ የሚሸጠው ክሮፍ ቦምቦሊኖ ነው፤ ውስጡ የአፕሪኮት ማርማላት አለው። ዘንድሮ ፋሲካችን ከእነሱ ጋር አንድ ቀን ላይ ቢውልም የእኛ ዐቢይ ጾም ከሰኞ ጀምሮ ገብቷል፤ እነሱ ረቡዕ ነው የሚጀምሩት። ሽታውን አጣጥሜ አለፍኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 24፣ ከድራቫ ማዶ ያለ መንደር

ትናንት ማታ ያደርኩበት ቤት ሰዎች ለአንድ ሽማግሌ ዘመዳቸው ደውለውልኝ ነበር። ልብስ ይሰፋሉ፣ ቃጭልም ይመርጣሉ አሉኝ። በር ላይ የተቀበለችኝ የ14 ዓመት የልጅ ልጃቸው ናት፤ እንግሊዝኛ ስለምትችል አስተርጓሚያችን ሆነች። ቀድሞ ኩሬንት የሚሆነው ያላገባ ወንድ ብቻ ነበር። አሁን ያገቡም፣ ሴቶችም፣ ሕፃናትም ይለብሳሉ፤ ይህች ልጅም የራሷ ለምድ አላት፣ አያቷ የሰፉላት።

ጾመኛ መሆኔን ስትነግራቸው ባለቤታቸው ሳይገረሙ ባቄላና ሽንኩርት በዱባ ፍሬ ዘይት ለውሰው፣ ከዳቦ ጋር አቀረቡልኝ። ዘይቱ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ እንደ ተቆላ ለውዝ ይሸታል። ሁለት ጊዜ ጨመርኩ።

ከዚያ ወደ መጋዘኑ ወሰዱኝ። አምስት ቃጭሎች በሰንሰለት መታጠቂያ ላይ ተንጠልጥለዋል። ሽማግሌው እያንዳንዱን በእንጨት ዘንግ መቱልኝ፣ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ። «አራቱ ይስማማሉ። አምስተኛውን ሰባት ዓመት ፈለግኩት» አሉ። ከየት እንዳገኙት ስጠይቅ የሞተ ጎረቤታቸው ላም ቃጭል መሆኑን ነገሩኝ።

ፒየዞዬን አውጥቼ አሳየኋቸው። ቃጭሉ ላይ በሙጫ ባጣብቀው ምን እንደሚሰማ ማወቅ እፈልጋለሁ አልኩ። ፊታቸው ጠቆረ። «ሙጫ አይነካውም» አሉ፤ «ሙጫ የነካው ቃጭል ይታፈናል። ደግሞ ኩሬንት ባትሪ የለውም።»

ትክክል ናቸው። አጠገባቸው ባለው ዱካ ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። ሻንጣዬን ከፈትኩና የጥለት ቁርጥራጭ አወጣሁ፤ ነጭ ጥጥ፣ ጠርዙ ላይ አረንጓዴና ቢጫ። ፒየዞው ብቻ የሚገባበት ትንሽ ኪስ ብሰፋና ከመታጠቂያው ውስጥ በኩል፣ ቆዳው ላይ በአራት ጥልፍ ብይዘውስ? ቃጭሉን አይነካውም፤ ክሩ ሲፈታ ምልክት አይተውም። ሽማግሌው መርፌዬን ተቀብለው ጫፉን አዩ፣ የቆዳ መርፌ አምጥተው ሰጡኝ። «ይኼኛው ይሻላል።»

ሰፍቼ ስጨርስ የፈተነው ሌላ ሳይሆን እኔው ነኝ። ጭምብሉን አልሰጡኝም፤ አልጠየቅኩምም። መታጠቂያውን ብቻ አሰሩልኝ። ክብደቱ ዳሌዬ ላይ ሲያርፍ ትንፋሼ ተቆረጠ። በጉልበቴ ዘለልኩ፤ ቃጭሎቹ በተዘበራረቀ ድምፅ ተንኳኩ። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ከፊቴ ቆማ አሳየችኝ። የሚወዛወዘው ዳሌ ነው፤ እግር የሚከተለው ከኋላ ነው። እስክስታ ከትከሻ እንደሚነሳ ይኸኛው ከወገብ ይነሳል። በአሥረኛው ይሁን በሃያኛው ሙከራ አምስቱ አንድ ላይ መቱ፤ አንድ ምት ብቻ። ሽማግሌው «ኧሃ!» አሉ።

ቀጥሎ ልጅቷ ታጥቃ ግቢውን ዞረች፣ እኔ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁ። የጠበቅኩት የቃጭል ጩኸት ነበር። ቃጭሉ አለ፤ ግን ከርቀት፣ ከመሬት በታች እንደሚመጣ። የቀረበው ሌላ ነው፤ የቆዳው ሲጥታ፣ ተረከዝ በረዶ የያዘውን አፈር ሲመታ፣ የልጅቷ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ሲል። ከውጭ የምንሰማው ጩኸት ነው፤ የለበሰችው የምትሰማው ይኼ ነው ለካ። ማዳመጫውን ለሽማግሌው ሰጠኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ ለባለቤታቸው አቀበሏቸውና፣ «በ20 ዓመቴ እንዲህ ነበር የሚሰማኝ» አሉ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25፣ መንደሩና ፕቱይ

ከማለዳ ጀምሮ ከቡድናቸው ጋር ቤት ለቤት ዞርኩ። ሰባት ኩሬንት፣ አንድ ሰይጣን። ሰይጣኑ ቀድሞ በር ያንኳኳል። ኩሬንቶቹ ግቢ ገብተው ባለቤቶቹን ከበው ይዘላሉ። በአንድ ቤት አንዲት ሴት የሸክላ ማሰሮ አምጥታ እግራቸው ሥር ሰበረችው፤ ለጤናና ለዕድል ነው። በሌላ ቤት ቋሊማና እንቁላል ተሰጣቸው። ልጃገረዶች ደግሞ መሐረብ ይሰጣሉ፤ ኩሬንቱ መታጠቂያው ላይ ያስረዋል። ብዙ መሐረብ ያለው ብዙ የተወደደ ነው። በቀትር ላይ የአንዳንዶቹ ወገብ መሐረብ በመሐረብ ሆኖ ነበር።

ማታ ፕቱይ ውስጥ ካርኒቫሉ ራሱ እንደ ሰው ሬሳ ሆኖ ተለቀሰለት፣ ተቀበረ። ከነገ ረቡዕ ጀምሮ ቃጭል አይሰማም፤ ለምዱ ብርዱ እስኪመለስ ሰገነት ላይ ይሰቀላል። ከጥር መጨረሻ ወዲህ፣ በአቆጣጠራቸው ከፌብሩዋሪ 2 ጀምሮ፣ ሲዘሉ ከርመዋል፤ ጉልበታቸው አልቋል።

ወደ ሽማግሌው ቤት የተመለስነው በጨለማ ነው። ልጅቷ መታጠቂያዋን ፈታ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ፒየዞውን ከኪሱ አወጣሁ፤ ነሐሱ ላይ የበግ ሞራ ተለቅልቆበታል። ቃል በገባሁት መሠረት ስፌቱን ለመፍታት መቀስ ሳወጣ ሽማግሌው እጃቸውን በመቀሱ ላይ ጫኑ። ከቀኑ መሐረቦች መካከል የተሰፋችውን ጥለት በጣታቸው አሹት፣ አንድ ነገር ተናገሩ። ልጅቷ እያዛጋች ተረጎመችልኝ።

«መሐረብ አይመለስም።»